የቻይና ቦዬ፤ በማእድ ቤትም በመድኃኒት ቤትም የተከበረ ሥር

የሰውን ጤና ከሚጠብቁት ነገሮች ሁሉ የመጀመሪያው በየዕለቱ በማእድ ላይ የሚቀርበው ምግብ መሆኑን አስተዋይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሐኪም የሚጠራው ሰው ሲታመም ነው፤ ማእድ ቤት ግን ያለ ዕረፍት በየቀኑ ይሠራል። ስለዚህ የቤቷን ምግብ በማስተዋል የምታዘጋጅ እመቤት የቤተ ሰቧን ጤና በመጠበቅ ረገድ ከሐኪሙ አስቀድማ የቆመች ዘበኛ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሩቅ ምሥራቅ ሕዝቦች ይህን ነገር ከጥንት ጀምረው በብዙ አስበውበታል። በቻይና አገር «ምግብና መድኃኒት ምንጫቸው አንድ ነው» የሚል የታወቀ አነጋገር አለ። ለዚህም አነጋገር ምስክር አድርገው ከሚያቀርቧቸው ነገሮች አንዱ ዛሬ ታሪኩን የምንጽፍለት ሥር ነው። ይህ ሥር በገበያ ከጐመንና ከካሮት ጐን ተደርድሮ ይሸጣል፤ በመድኃኒት ቤትም ተከትፎና ደርቆ በመሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ነገር ግን አንድ ነገር በሁለት ቤት ሲከበር የእያንዳንዱን ክብር ወሰን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ምግብ ሆኖ የሚሰጠው ጥቅም፣ መድኃኒት ነው ተብሎ ከሚነገርለት ነገር ጋራ ሲደባለቅ የሚጐዳው በሽተኛው ነውና። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው የዓመት ቍጥር ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የተጻፈ ነው።

ሥሩ ምን ዓይነት ነው?

ቻይናዎች ሻንያዎ ብለው ይጠሩታል፤ የዕፀዋት ሊቃውንት ደግሞ ዲዮስኮሪያ ፖሊስታኪያ ይሉታል። በአገራችን በወላይታና በሌሎች የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ክፍሎች ከሚተከለው ከቦዬ ጋራ አንድ ወገን ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ የቻይና ቦዬ እያልን እንጠራዋለን። ከጎደሬም ሆነ ከስኳር ድንች ጋራ ግን ዝምድና የለውም።

ተክሉ በእንጨት ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ ሐረግ ነው። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው። በቅጠሉና በሐረጉ መጋጠሚያ ላይ ባቄላ የሚያህሉ ትንንሽ እንቡጦች ያፈራል፤ እነዚህም ለዘር ይሆናሉ፣ ወይም ከሩዝ ጋራ ተቀቅለው ይበላሉ። ዋናው ሀብት ግን በመሬት ውስጥ ያለው ሥር ነው። ይኸውም እንደ በትር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ አንድ ሜትር ያህል የሚረዝምበት ጊዜ አለ። ቆዳው ቡናማና ቀጫጭን ፀጕር ያለበት ሲሆን ሥጋው እንደ ወተት ይነጣል። ሲቈረጥም እንደ ተልባ ያለ ዝልግልግ ነገር ያወጣል። ከቦዬ ወገን የሆኑት አብዛኞቹ ሥሮች ሳይበስሉ አይበሉም፤ ይህ ግን በጥሬው ከሚበሉት ጥቂቶች አንዱ ነው።

ሁለት ነገሥታት ያስለወጡት ስም

የዚህ ሥር የጥንት ስሙ ሻንያዎ አልነበረም፤ ሹዩ ይባል ነበር። በቻይና የቤተ መንግሥት ሥርዐት የንጉሡን የራሱን ስም መጥራትም ሆነ መጻፍ ለተገዢው ክልክል ነበር። ከ762 እስከ 779 የነገሠው የታንግ ንጉሠ ነገሥት ዳይዞንግ የራሱ ስም «ዩ» ስለነበረ የሥሩ ስም ሁለተኛው ክፍል ተለውጦ ሹያዎ ተባለ። ከዚያ በኋላ ከ1063 እስከ 1067 የነገሠው የሶንግ ንጉሠ ነገሥት ዪንግዞንግ ስሙ «ሹ» ስለነበረ፣ የቀረው የመጀመሪያው ክፍል ደግሞ ተለወጠ። በዚህም ምክንያት ሥሩ ሻንያዎ የሚለውን ስም አገኘ፤ ትርጓሜውም የተራራ መድኃኒት ማለት ነው። ይህን ነገር ኮው ዞንግሺ የተባለው የመድኃኒት ዐዋቂ በ1116 ባዘጋጀው መጽሐፍ ተርኮታል። እንግዲህ ገበሬ የሚቈፍረው አንድ ሥር የሁለት ነገሥታትን ስም ለማክበር ሲል የራሱን ስም አጥቶ፣ በምትኩ መድኃኒት የሚል ማዕረግ ተቀበለ ማለት ነው።

የጥንት ሐኪሞች ስለ እርሱ የተናገሩት

በሸንኖንግ ስም የሚጠራው የቻይና የመድኃኒት መጽሐፍ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሃን ነገሥታት ዘመን የተጠናቀረ ነው። መጽሐፉ መድኃኒቶችን በሦስት ማዕረግ ይከፍላቸዋል። በታችኛው ማዕረግ ያሉት ኀይለኞችና መርዝነት ያላቸው ስለሆኑ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይሰጣሉ። በላይኛው ማዕረግ ያሉት ግን ለረጅም ጊዜ ቢወሰዱም ሰውን አይጐዱም የሚባሉ ናቸው። የቻይና ቦዬ ከእነዚህ ከላይኞቹ ጋራ ተቈጥሯል።

ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኖረው ታላቁ ሐኪም ዣንግ ዦንግጂንግ ይህን ሥር ከሌሎች ሰባት መድኃኒቶች ጋራ ቀምሞ በማር የሚለወስ እንክብል አዘጋጅቶ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ በሶንግ መንግሥት የሕፃናት ሐኪም የነበረው ቺያን ዪ ይህንኑ ቅመም መረመረ። ከስምንቱም መካከል ሰውነትን እጅግ ያሞቃሉ የሚባሉትን ሁለቱን፣ ማለት ቀረፋንና አኮናይትን አውጥቶ፣ የቀሩትን ስድስቱን ለደካማ ሕፃናት የሚስማማ መድኃኒት አደረጋቸው። ትምህርቱም በ1119 ተሰብስቦ በመጽሐፍ ወጣ። ይህ ባለ ስድስት ቅመም እንክብል ዛሬም በቻይና መድኃኒት ቤቶች እየተሸጠ ይገኛል።

በ1596 የታተመው የሊ ሺዠን ታላቅ የመድኃኒት መጽሐፍም ይህ ሥር ጨጓራንና ጣፊያን እንደሚያበረታ፣ ተቅማጥን እንደሚያቆም፣ አክታን እንደሚያሟሟና ቆዳን እንደሚያለሰልስ ይናገራል። ከ1860 እስከ 1933 የኖረው ዣንግ ሺቹን ደግሞ ሥሩን ከሌላ መድኃኒት ሳይቀላቅል በብዛት ቀቅሎ፣ ውሃውን እንደ ሻይ በየጊዜው ለበሽተኛ ያጠጣ ነበር።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል። የቻይና ሐኪሞች ጣፊያ፣ ሳንባ፣ ኵላሊት ሲሉ የዛሬ ቀዳጅ ሐኪም በቢላዋ ከፍቶ የሚያየውን ብልት ብቻ ማለታቸው አይደለም። ምግብን የማዋሐድ፣ የመተንፈስና የሰውነትን ኀይል የማከማቸት ሥራን ሁሉ በነዚህ ስሞች ይጠሩታል። በነርሱ አስተያየት ይህ ሥር ጠባዩ ገር ነው፤ አያቃጥልም፣ አያበርድም። ስለዚህ ተቅማጥ ያደከመውን፣ የምግብ ፍላጎት ያጣውን፣ ደረቅ ሳል የያዘውን፣ ሽማግሌውንና ሕፃኑን ቀስ አድርጎ ይደግፋል ይላሉ። ሆኖም ሆዱ ለተነፋና ለደረቀበት ሰው አይስማማም ብለው እነርሱ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ።

የታወቀበት አገርና የገበሬው ድካም

ከሁሉ የሚበልጠው የቻይና ቦዬ የሚገኘው በሄናን አገር፣ በታይሃንግ ተራሮችና በቢጫው ወንዝ መካከል፣ በቀድሞው ስም ኋይቺንግ፣ በዛሬው ስም ጂያዎዙዎ በሚባለው ግዛት ነው። በዚያ አገር አራት የመድኃኒት ተክሎች በአንድነት ዝነኞች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ይህ ሥር ነው። በግዛቱ ውስጥ ባለው በወን ወረዳ የሚበቅለው ቀጭኑ ዓይነት «የብረት በትር» ይባላል፤ ሲበስልም ሥጋው የጠበቀና ዱቄታም ነው።

ሥሩ የሚወጣው በበልግ መጨረሻ ውርጭ ወርዶ ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ነው። ገበሬው በረድፉ ጐን ጥልቅ ጉድጓድ ይቈፍርና ሥሩ እንዳይሰበር አፈሩን በጥንቃቄ ያራግፍለታል። ለመድኃኒት የሚሆነው ሥር ተልጦ ይደርቃል። መልካሙም ዓይነት እንደገና በውሃ ተነክሮ፣ በጣውላ እየተንከባለለ ቀጥ ያለ በትር እስኪሆን ድረስ ይሠራል። መድኃኒት ቀማሚዎች ለተቅማጥ የሚሰጡትን ከስንዴ ፉሽካ ጋራ በምጣድ ይቈሉታል።

በቻይና ማእድ ቤት

በቻይና ቤቶች ይህ ሥር ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው በሩዝ አጥሚት ነው። እኛ ለአራስና ለበሽተኛ አጥሚት እንደምናዘጋጅ ሁሉ፣ እነርሱም ሩዙን በብዙ ውሃ እስኪሟሟ ቀቅለው የተከተፈ ሥር ይጨምሩበታል። ለጤነኛ ሰውም ከበግ ሥጋና ከዝንጅብል ጋራ በቀስታ እሳት የሚበስል የክረምት ሾርባ አለ። በፉጂያንና በታይዋን ደግሞ ከሎተስ ፍሬና ከሌሎች ሁለት የመድኃኒት ዕፀዋት ጋራ ተደርጎ አራት ቅመም ያለበት ሾርባ ይሠራል፤ ይህንም አብዛኛውን ጊዜ ከዐሣማ አንጀት ጋራ ያበስሉታል።

ለግብዣ የሚቀርበው ጣፋጭ ግን ሌላ ነው። ሥሩ ተቈራርጦ በዘይት ይጠበስና በቀለጠ ስኳር ውስጥ ይገላበጣል። እንግዳው ቍራጩን ከሳሕኑ ሲያነሣ ስኳሩ እንደ ሐር ክር እየተሳበ ይከተለዋል። ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያወጣዋል፤ ስኳሩም እንደ መስተዋት ይደርቃል። ሕፃናት ይህን ምግብ እንዴት እንደሚወዱት ለመናገር አያስፈልግም።

በጃፓን አገር

ጃፓኖች ይህንኑ ሥርና በተራራቸው የሚበቅለውን ዘመዱን በጥሬው ይበሉታል። ውስጡ ጭረት ጭረት ባለበት የሸክላ ገበቴ ፈቅፍቀው በእንጨት ዘነዘና ያሹታል፤ ከመረቅም ጋራ አቅጥነው ገብስ በተቀላቀለበት ሩዝ ላይ ያፈሱታል። ስሙ ቶሮሮ ይባላል። ከኤዶ ወደ ኪዮቶ በሚወስደው በጥንቱ የቶካይዶ መንገድ ላይ ካሉት 53 ማረፊያዎች አንዷ ማሪኮ በዚህ ምግብ ስም ያተረፈች ናት። እዚያ ያለው አንድ ምግብ ቤት በ1596፣ ማለት የሊ ሺዠን መጽሐፍ በታተመበት ዓመት እንደ ተከፈተ ይነገርለታል። ሠዓሊው ሂሮሺጌም በ1830ዎቹ ስለ መንገዱ ባወጣቸው ሥዕሎች ውስጥ በማሪኮ ሻይ ቤት ተቀምጠው የሚበሉ መንገደኞችን ሥሎ አሳይቷል።

ሥጋና እንቍላል የማይበሉ የቡድሃ መነኮሳትም ይህ ሥር በብዙ ይጠቅማቸዋል። ዝልግልግነቱ እንደ እንቍላል ሆኖ ሌላውን ምግብ ያያይዛልና። ከእርሱም በባሕር ቅጠል ላይ ለጥፈው ዓሣ የሚመስል የጾም ምግብ ይሠራሉ።

ስለዚሁ ሥር በጃፓን የጥንት ተረቶች መጽሐፍ የሚገኝ አንድ ታሪክ አለ፤ ደራሲው አኩታጋዋ ርዩኖሱኬም በ1916 እንደገና ጽፎታል። በታላቅ መኰንን ቤት የሚያገለግል አንድ ድኻ ሹም ነበረ። በዚያ ዘመን ሥሩ በጣፋጭ የሐረግ ጭማቂ ተቀቅሎ በታላቅ ግብዣ ላይ ብቻ ይቀርብ ስለነበረ፣ ለእርሱ የሚደርሰው ከድግሱ የተረፈው ጥቂት ነበር። አንድ ቀን «ይህን ነገር እስክጠግብ የምበላው መቼ ይሆን?» ብሎ ሲመኝ ፉጂዋራ ኖ ቶሺሂቶ የተባለ ባለጸጋ ሰማው። ባለጸጋውም ወደ ሩቅ አገሩ ወደ ጹሩጋ ወሰደው። በማግስቱ ጧት ሹሙ ሲነቃ የአገሩ ገበሬዎች በጌታቸው ትእዛዝ ያመጡት ሥር እንደ ቤት ተከምሮ፣ በታላላቅ ድስቶችም ሲንተከተክ አየ። ያን ጊዜ የዘመናት ምኞቱ ጠፋ፤ አንዱን ገበታ እንኳ መጨረስ አቃተው። በመጠን ሲገኝ የሚናፍቁት ነገር ያለ መጠን ሲመጣ እንዴት እንደሚሰለች ይህ ታሪክ በመልካም ያስተምራል።

በኮሪያ የሚነገር ታሪክ

በኮሪያ ሥሩ ማ ይባላል። በ13ኛው መቶ ዓመት መነኩሴው ኢርዮን በጻፈው የታሪክ መጽሐፍ እንደሚነገረው፣ ሥር እየቈፈረ በመሸጥ የሚኖር አንድ ወጣት የሺላን ንጉሥ ልጅ ሶንኋን ለማግባት ተመኘ። ወደ ከተማዋም ሄዶ ለሕፃናት ሥሩን በነጻ እያደለ፣ ልዕልቲቱ ከእርሱ ጋራ በስውር እንደምትገናኝ የሚናገር ዘፈን አስተማራቸው። ወሬው ቤተ መንግሥት ደርሶ ልዕልቲቱ ተሰደደች፤ እርሱም በመንገድ ተቀብሎ አገባት። በኋላም የቤክጄ ንጉሥ ሙ ተብሎ ከ600 እስከ 641 ነገሠ ይላል። ነገር ግን በ2009 በዚያ ዘመን ከተሠራ የድንጋይ ግንብ ውስጥ የተገኘ ጽሑፍ የንጉሡ ሚስት የቤክጄ ባለሥልጣን ልጅ እንደ ነበረች ስለሚያመለክት፣ የታሪክ ሊቃውንት በነገሩ ይከራከራሉ። ለእኛ ግን የሚጠቅመን ሥሩ ሕፃናትን የሚያባብል ተወዳጅ ምግብ መሆኑን ማወቁ ነው።

አውሮጳ ለምን አልተቀበለውም?

በ1845 የድንች በሽታ በአውሮጳ ገብቶ ብዙ ሕዝብ በተራበ ጊዜ የድንችን ቦታ የሚይዝ ሌላ ሥር በብርቱ ይፈለግ ነበር። በሻንግሃይ የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው ሞንቲኚ የቻይና ቦዬን ወደ ፓሪስ ላከ፤ የዕፀዋት ሊቁ ዴኬንም መረመረው። ሥሩ በፈረንሳይ መሬት መልካም ሆኖ በቀለ፤ ጣዕሙም ተወደደ። ነገር ግን አንድ ሜትር ወርዶ የተተከለን ሥር ሳይሰበር ማውጣት የሚጠይቀው ድካም ከትርፉ በለጠና ገበሬው ወደ ድንቹ ተመለሰ። በአሜሪካ ደግሞ ለጌጥ ብለው ከተከሉት በኋላ ወደ ዱር አምልጦ ሌላውን ተክል የሚያለብስ አረም ሆኗል።

የዛሬ ምርመራ የሚለው

የዛሬ ዘመን መርማሪዎች ሥሩን በኬሚስትሪ ሲመረምሩት አብዛኛው ውሃ፣ ከዚያም ስታርች ሆኖ አግኝተውታል። ጥቂት ፕሮቲን፣ ፖታሲየምና ያ ዝልግልግ ነገር አለበት። ለሆድ የማይከብድ ምግብ ስለሆነም ከሕመም ለሚያገግም ሰው መስጠቱ ተገቢ ነው፤ በዚህ ረገድ የጥንቶቹ ሐኪሞች ልምድ ሊናቅ አይገባውም። በሥሩ ውስጥ ስላሉት ነገሮች በአይጦችና በመመርመሪያ ቤት የተደረጉ ብዙ ሥራዎችም አሉ። ዳሩ ግን በአይጥ ላይ የታየ ነገር በሰው ላይ በሚገባ ካልተፈተነ ፈውስ ተብሎ ሊሰበክ አይገባም።

በተለይ ሁለት ስሕተቶችን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

፩ኛ፤ የጥንት መጻሕፍት ሥሩን ብዙ ለሚጠማውና ብዙ ለሚሸና በሽተኛ ያዝዙት ስለነበረ፣ ዛሬ የስኳር በሽታን ያድናል የሚሉ ሰዎች አሉ። ሥሩ ግን ስታርች ነው፤ ስታርችም በሆድ ውስጥ ስኳር ይሆናል። የስኳር ሕመምተኛ ቢበላው በእንጀራው ወይም በሩዙ ፈንታ በልክ ይብላው እንጂ፣ በላዩ ላይ አይጨምረው። ኢንሱሊኑን ወይም ሐኪም ያዘዘለትን እንክብል በዚህ ሥር ተማምኖ የሚተው ሰው በነፍሱ ላይ ይፈርዳል።

፪ኛ፤ በ1940ዎቹ ራስል ማርከር የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስት በሜክሲኮ ከሚበቅሉ የቦዬ ወገኖች ዲዮስጄኒን የሚባለውን ነገር አውጥቶ፣ ከእርሱ ፕሮጄስቴሮን የተባለውን የሴቶች ሆርሞን ሠርቷል። ይህን የሰሙ ነጋዴዎች ቦዬ መብላትና የቦዬ ቅባት መቀባት ለሴቶች ሆርሞን ይሰጣል እያሉ ይሸጣሉ። ነገር ግን ያ ለውጥ የሚደረገው በኬሚስት ብልሃት ነው፤ የሰው ሰውነት ሊፈጽመው አይችልም። እመቤቶች በዚህ እንዳይታለሉ።

ለቤት እመቤት የሚጠቅም ምክር

ሥሩን በውጭ አገር ገበያ የምታገኝ እመቤት ጠንካራ፣ ከባድና ቍስል የሌለበትን ትምረጥ። ቀጭኑና ፀጕራሙ ለሾርባና ለአጥሚት፣ ወፍራሙና ውሃማው ለጥብስ ይሻላል። በጥሬው ሥር ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ነገሮች ስላሉ እጅን ያሳክካል፤ ስለዚህ በጓንት ይላጥ። ያሳከከውን እጅ በሆምጣጤ ማሸት ያሳርፋል። የተላጠውም ሥር እንዳይጠቍር ሆምጣጤ ጠብ ባለበት ውሃ ውስጥ ይቀመጥ። ሰውነቱ ለዚህ ዓይነት ምግብ የማይስማማ ሰው ግን በጥሬውም ሆነ አብስሎ ከመብላት ይከልከል።

ደርቆ የሚሸጠውን የሚገዛ ሰው እጅግ የነጣውንና ሲያሸቱት የሚኰመጥጠውን አይውሰድ፤ በድኝ ጢስ ታጥኖ ሊሆን ይችላልና። የካሳቫ ሥር ተከትፎ በእርሱ ስም የሚሸጥበት ጊዜም ስላለ ከታመነ ነጋዴ መግዛት ይገባል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። የቻይና ቦዬ ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ የተከበረው በታላቅ ተአምር ሳይሆን፣ ለደካማ ሰው የሚስማማ ገር ምግብ በመሆኑ ነው። የጥንት ሐኪሞችም ከላይኛው ማዕረግ ያስቀመጡት ለረጅም ጊዜ ቢበላ አይጐዳም ብለው እንጂ በሽታን ሁሉ ያባርራል ብለው አይደለም። ብልህ የሆነ የቤት አስተዳዳሪ ለምግብ የምግብን ክብር፣ ለመድኃኒት የመድኃኒትን ክብር ይሰጣል፤ በሽታ ሲጸና ወደ ሐኪም ይልካል፤ በሽተኛው ሲያገግም ደግሞ ሐኪሙ የጀመረውን በመልካም አጥሚት ይፈጽማል።